የኡራኤል መንገድ በረዶ

ከውሰር የጂኦግራፊ መምህርት ናት። የበረዶ ግግር በየዓመቱ የሚያርፍበትን ጭስና አቧራ ደራርቦ ይዞ፣ ቀስ እያለ ቁልቁል እንደሚሄድ ለተማሪዎቿ ልታሳይ ፈለገች። ረመዳኑን ሙሉ፣ የኡራኤልን መንገድ በሚያየው በረንዳዋ ላይ ትንሽ ትንሽ ውሃ በሳህን ታኖራለች፤ ጥቀርሻው ሲያርፍበት ፍሪዘር ውስጥ ካለው በረዶ ላይ ትደርበዋለች።

በትምህርቱ ዋዜማ መብራት ጠፋ። አዛን ሲል እናቷ በሻማ ብርሃን ያንኑ በረዶ ሰባብረው የአባቷ ውሃ ውስጥ ጨመሩት።

«አባዬ፣ እንዳይጠጡት!» አለች ከውሰር ከጓዳ ብቅ ስትል።

«አዛኑ ፈቅዶልኝ አንቺ ትከለክይኛለሽ?» አሉ አባቷ ቴምራቸውን እያኘኩ።

«የታክሲ ጭስ ነው እኮ ያለበት! ደግሞ ለነገው የበረዶ ግግር ትምህርት ያዘጋጀሁት ነበር።»

እናቷ ደንግጠው ሻማውን ወደ ብርጭቆው አስጠጉ። ሦስቱም ጎንበስ ብለው አዩ። በረዶው በቀለጠ ቁጥር ጥቁር ክር ይለቃል፤ ክሩም እንደ ተገለበጠ ጭስ እየተጠማዘዘ ወደ ታች ይወርዳል።

«እውነተኛው ግግርስ ሲቀልጥ?» አሉ አባቷ።

«ከእሱ የሚወርደውን ወንዝ ከታች የሚጠጣ ሰው አለ።»

 አባቷ ብርጭቆውን በቀስታ ወደ እሷ ገፉት።

«በቃ፣ ነገ ይህንን ይዘሽላቸው ሂጂ።»