የሰባተኛ «ለ» ሕግ

መምህር ታፈሰ በሚዛን ተፈሪ ዳርቻ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት የዜግነት ትምህርት ያስተምራል። ሕገ መንግሥቱን ማስተማር የጀመረ ሰሞን የሰባተኛ «ለ» ልጆች አንቀጾቹን እንደ ማባዣ ሰንጠረዥ ሸምድደው ይመጡለት ነበር። «አንቀጽ ዘጠኝ?» ሲላቸው «የሕገ መንግሥት የበላይነት» ይላሉ በአንድ ድምፅ። ምን ማለት እንደሆነ ሲጠይቃቸው ግን ጣራ ጣራውን ያያሉ። በጥቅምት ወር መጽሐፉን አስከደናቸውና «በሉ፣ የራሳችሁን ጻፉ» አላቸው።

ሁለት ሳምንት ተጨቃጨቁ። በመጨረሻ «እኛ የሰባተኛ ለ ተማሪዎች» ብሎ የሚጀምር ሕግ በካርቶን ላይ ተጽፎ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ሦስተኛው አንቀጽ ስለሚያረፍድ ሰው ነው። ያረፈደ ፊት ወጥቶ ምክንያቱን ይናገራል፤ ክፍሉ ድምፅ ይሰጣል። ካልተቀበሉት ከምንጩ አንድ ጀሪካን ውሃ ቀድቶ የትምህርት ቤቱን የቡና ችግኝ ያጠጣል። ድምፅ የሚሰጠው በቡና ፍሬ ነው፤ ቀይ «ተቀብለናል»፣ አረንጓዴ «አልተቀበልንም»። ለምን እንዲህ ሆነ ብሎ የጠየቀ የለም፤ ያልበሰለ ፍሬ ይዞ የሄደን ሰው ቡና ገዢው እንደሚመልሰው ከሕፃን እስከ ሽማግሌ ያውቃል። ታፈሰም ከልጆቹ ስም ግርጌ ፈረመ።

ኅዳር ላይ ሱፐርቫይዘሩ አቶ ወልደአማኑኤል ሊገመግሙት መጡ። ታፈሰ የደረጃ ዕድገት መጠበቅ ከጀመረ ሦስት ዓመቱ ነው። ዓምና የከለከለው በግምገማው ላይ የተጻፈ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፦ «ተማሪዎቹ አይፈሩትም።» ታፈሰ ድምፁ ዝግ ያለ፣ ሰው ሲያየው የሚያፍር ሰው ስለሆነ፣ ያቺ ዓረፍተ ነገር ዓመቱን ሙሉ ሆዱን ስትበላው ከረመች።

በዚያው ቀን ሃያ ደቂቃ አረፈደ።

ሲገባ አቶ ወልደአማኑኤል ከኋላ ወንበር ላይ ማስታወሻቸውን ከፍተው ተቀምጠዋል። ታፈሰ እጅ ነሣና ጠመኔ አንሥቶ ወደ ሰሌዳው ዞረ። ደብተር የሚገለጥ ድምፅ አልተሰማም።

«በሕግ አምላክ፣ ቲቸር።»

ሱሀይላ ነበረች፤ የባለሱቁ የአቶ ሰማን ልጅ። ካልጠየቋት የማትናገር ልጅ ናት። ታፈሰ ጠመኔውን እንደያዘ ቀጥ አለ። በሕግ አምላክ የተባለ ሰው አንድ እርምጃ አይጨምርም፤ አባቱም አያቱም እንዲሁ ነበሩ።

«ሱሀይላ፣ ዛሬ እኮ እንግዳ አለን» አላት በቀስታ።

«እንግዳ ሲመጣ ሕጉ ይቀራል የሚል አንቀጽ የለንም።»

የክፍል አለቃው ሲላስ ቀሚሷን ጎተተ። «ተቀመጪ እንጂ! እንጀራውን ልታሳጪው ነው? ለዛሬ ብንምረውስ?»

«ትናንት እኔን ማራችሁኝ? ጀሪካኑን ተሸክሜ ትከሻዬ ተልጦ ስትስቁ አልነበር?»

ታፈሰ ወደ ኋላ ሰረቅ አድርጎ አየ። የአቶ ወልደአማኑኤል እስክሪብቶ ቆሟል። ሌሊቱን ሲዘንብ ስላደረ «ባጃጁ ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ» ቢል የሚጠራጠረው አልነበረም። ቃሉ ምላሱ ጫፍ ላይ ደረሰ። ደግሞ ካርቶኑን አየ፣ የራሱን ፊርማ አየ። ዛሬ ከዋሸ ያ ካርቶን ከነገ ጀምሮ ካርቶን ብቻ ነው።

«ኮቴን ስተኩስ ነው ያረፈድኩት» አለ። «መብራት አልነበረም። እንግዳ ይመጣል ብዬ የጎረቤት የከሰል ካውያ እስኪግል ስጠብቅ ሰዓቱ አለፈ።»

ልጆቹ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ሳቁ። ሲላስ ድምፅ የሚሰበሰብበትን የዱቄት ወተት ጣሳ ይዞ በየወንበሩ ዞረ። ፍሬው ጣሳው ውስጥ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። ከኋላ ሲደርስ አቶ ወልደአማኑኤል «እኔስ?» አሉ።

«እርስዎ አልፈረሙም፣ ጋሼ። ድምፅ የለዎትም» አለች ሱሀይላ።

ተቆጠረ። ዘጠኝ ቀይ፣ ሠላሳ ሁለት አረንጓዴ።

ታፈሰ ጀሪካኑን አንሥቶ ወጣ። ወደ ምንጩ የሚወስደው ቁልቁለት ያንሸራትታል፤ ሲመለስ ውሃው እየተንቦጨቀ የተተኮሰውን ኮት አበሰበሰው። ችግኞቹን አንድ በአንድ ሲያጠጣ ያቺ ዓረፍተ ነገር ትመላለስበት ነበር። ዘንድሮም ትጻፋለች፣ ምስክሩም ሠላሳ ሁለት አረንጓዴ ፍሬ ነው።

ባዶውን ጀሪካን ይዞ በሩ ጋ ሲደርስ የአቶ ወልደአማኑኤልን ድምፅ ሰማና ቆመ።

«መምህራችሁን አትፈሩትም ማለት ነው?»



«ብንፈራው ኖሮ» አለች ሱሀይላ፣ «ሁላችንም ቀይ እንጥል ነበር።»

«እኔ ቀይ ነው የጣልኩት» አለ ሲላስ። «ግን ፈርቼ አይደለም፤ ኮቱ አሳዝኖኝ ነው።»

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ታፈሰ ገባ። ይህን ሁሉ ዓመት ሲያስተምር ያስተማረው ነገር ተነሥቶ በሁለት እግሩ ቆሞ ሲናገር ሰምቶ አያውቅም።

ደወሉ ተደወለ። አቶ ወልደአማኑኤል ባዶውን ሰሌዳ አዩ፣ የሚንጠባጠበውን ኮት አዩ።

«ክፍለ ጊዜው አለቀ፣ ታፈሰ። አንድ ቃል አላስተማርክም። እንግዲህ ምን ብዬ ልጻፍ?»

ታፈሰ እንደ ዓምናው አንገቱን አልደፋም። ድምፁም ከኋላ ወንበር ድረስ ተሰማ።

«ያዩትን ይጻፉ።»

አቶ ወልደአማኑኤል እስክሪብቷቸውን አነሡ። ብዙ ጻፉ፣ ገጽ ገለጡ፣ ደግሞ ጻፉ። ታፈሰ ምን እንደሚሉ ለማየት አንገቱን አላሰገገም። ልጆቹን ነበር የሚያየው።