ፋቲሃ የተቀራበት ፎርክሊፍት

ኢንሺራሕ አጎቷን ይዛ ወደ ዓምሪያ የአሮጌ ማሽን ገበያ ስትሄድ መንገዱን ሙሉ የለመነቻቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ዝም እንዲሉ። የምትገዛው ፎርክሊፍት ሞተር ከቀዝቃዛው ሲነሳ ድምፁን እስክትሰማ፣ ሹካው ዕቃ ተሸክሞ ሲቆም በዓይኗ እስክታይ ድረስ ስለ ዋጋም ሆነ ስለ ሌላ ነገር ትንፍሽ እንዳይሉ። አጎት በዩሚ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «እኔ ደግሞ መች አወራለሁ ልጄ» አሉ። ይህን ብለው እስከ ዓምሪያ ድረስ ወሬያቸውን አላቋረጡም።

ለምን ይዛቸው እንደሄደች ለራሷም ግራ ገብቷት ነበር። የብርቱካን ማሸጊያውን ከአባቷ ከተረከበች ስድስት ዓመት ሆኗታል። የሞተር ሕመም በድምፁ ትለያለች። ነገር ግን አሮጌ ማሽን የሚሸጥበት ግቢ ሴት ብቻዋን ስትገባ ዋጋው ሌላ፣ ወሬውም ሌላ ይሆናል፤ ሽማግሌ ከጎኗ ከቆመ ግን ሻጩ ትንሽ ያፍራል። ያላት ሽማግሌ ደግሞ አጎት በዩሚ ብቻ ናቸው። አላህ ሌላ አጎት አልሰጣትም፤ እንዲህ ባለ ቀን ይህ ነገር ያንገበግባታል።

ጊዜ ደግሞ አልነበራትም። የማሸጊያው ፎርክሊፍት ወሩን ሙሉ ሲታመም ከርሞ ማክሰኞ ዕለት ሹካው የሚወጣበት ምሰሶ ተሰነጠቀና ቆመ። በእሱ የተነሳ ያለፈው ጭነት ዘግይቶ መርከብ አምልጦታል። የውጭው ገዥ አልተቆጣም፤ አንድ ጊዜ ደግሞ ከዘገየ ብርቱካኑን ከሌላ ማሸጊያ እንደሚወስድ በትህትና ነግሯት ስልኩን ዘጋ። እሱ ከሄደ ማሸጊያው አለቀለት። ሁለቱ ኮንቴይነሮች እሑድ ጠዋት ይመጣሉ፤ ዛሬ ሐሙስ ነው።

የሻጩ የሐጅ ሜትወሊ ግቢ ውስጥ ከየአገሩ ተለቅመው የመጡ ፎርክሊፍቶች ቀለም ተቀብተው ተደርድረዋል። ሐጁ በጣሪያ ጥላ ሥር ወደቆመ አንድ ቢጫ ማሽን ወሰዷቸውና ከቅዳሜ ወዲህ ቁልፍ እንዳልገባበት ማሉ። ኢንሺራሕ መክደኛውን ከፍታ መዳፏን ሞተሩ ላይ አሳረፈች። እንቁላል ይጠብሳል።

«ይሄ እኮ ትኩስ ነው ሐጅ።»

«ፀሐዩ ነው እቴ» አሉ ሐጅ ሜትወሊ፣ በጥላው ሥር ቆመው።

ቁጣዋን ዋጠችው። የሞተሩ ሕመም እንዳይታወቅ ጠዋት አስነስተው እንዳሞቁት ገብቷታል። ሁሉም ሻጭ ይህን ያደርጋል፤ እሷም እንደሚያደርጉት ታውቃለች፤ እነሱም እንደምታውቅ ያውቃሉ። መብራት ይዛ ማሽኑ ሥር ገባችና ሹካውን የሚያነሳውን የዘይት ፒስተን ዙሪያ በጣቷ ዳሰሰች። አዲስ የተቀባው ቀለም ላይ ዘይት ወዝቷል። አጎቷን ብቻቸውን መተዋን ያስታወሰችው ይኼን ጊዜ ነበር።

አጎት በዩሚና ሐጁ ለካ በወታደርነታቸው ዘመን ስዌዝ አንድ ካምፕ ውስጥ፣ የአንዱን ክፉ ሳጅን ዱላ በየተራ ቀምሰዋል። እሷ ከማሽኑ ሥር ሆና ሳቅ ሰማች፣ ከዚያ «ወንድሜ!» ሲባል ሰማች፣ ከዚያ ዝም አለ። ዝምታው ደስ አላላትም። በክርኗ እየተጎተተች ስትወጣ ሁለቱ ሽማግሌዎች መዳፎቻቸውን ዘርግተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ።

«አሚን» ብለው ፊታቸውን አበሱ።

«ምንድን ነው ያደረጋችሁት?» አለች ኢንሺራሕ።

«ጨረስን ልጄ» አሉ አጎት በዩሚ ፊታቸው እያበራ። «ፋቲሃ ቀራን።»

ደሟ ፈላ። በዚህ ንግድ ወረቀቱ የሚመጣው በኋላ ነው፤ ውሉ ፋቲሃው ነው። ፋቲሃ ቀርቶ ያፈረሰ ሰው ከዚያ ወዲያ በየግቢው የሚነገርለት ስሙ ሳይሆን ያፈረሰው ፋቲሃ ነው። ያም ስም የእሷ ብቻ አይደለም፤ የአባቷም ነው። አጎቷን መንገድ ላይ ብታወርዳቸው ምን ነበረበት?

ሙከራ እፈልጋለሁ አለች። ሐጅ ሜትወሊ ከፋቲሃ በኋላ መጠርጠር አዲስ ነገር ሆነባቸውና ተቀየሙ። እሷ ግን ፋቲሃውን የቀሩት እነሱ እንጂ ማሽኑ አይደለም ብላ ንቅንቅ አልል አለች። በመጨረሻ የግቢው ሹፌር ሁለት ቶን የሚመዝን የሲሚንቶ ድፍን በሹካው አንስቶ ከሰው ቁመት በላይ ሰቀለውና ሞተሩን አጠፋ። ኢንሺራሕ ሹካው የቆመበትን ልክ ምሰሶው ላይ በጠመኔ አሰመረች።

«ይኸው ቆመ» አሉ ሐጁ ሻያቸውን እንደያዙ፣ ገና ጠመኔውን ሳታስቀምጥ። «ከፈለግሽ ከሥሩ ምንጣፍ አንጥፈሽ ተኚ።»

«እንቅልፌ አልመጣም። እርስዎ ሻይዎን እዚያ ሥሩ ተቀምጠው ይጠጡልኝ።»

ሐጁ ሳቁ። ጉልበታቸው እንደሚያማቸው ተናገሩ፤ ስልክ የሚጠብቁ መሆናቸውንም አነሱ። ኢንሺራሕ መልስ ልትሰጥ ስትዞር አጎት በዩሚ የፕላስቲክ ወንበራቸውን በአንድ እጅ፣ የሻይ ብርጭቋቸውን በሌላው ይዘው እየሄዱ ነው። ወንበሩን ልክ ከድፍኑ ሥር አደላደሉና ተቀመጡ።

«አጎቴ፣ ይነሱ!»

«ሐጁ ይቆማል ብለዋል። እኔ ፋቲሃ የቀራሁት ከእሳቸው ጋር ነው» አሉና ሻያቸውን ፉት አሉ።

ሮጣ እጃቸውን ጎተተች፤ ወንበሩን ሙጭጭ አድርገው ያዙ። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ግትርነታቸው ግን ገና ጎረምሳ ነው። ቀና ስትል ሹካው ከጠመኔው መስመር አንድ ጣት ወርዷል። ሹፌሩ ላይ፣ ሞተሩን አስነስተህ ሹካውን አንሳ ብላ ጮኸችበት፤ እሱ ሐጁን አየ፤ ሐጁ መስመሩን አዩ። ሁለት ጣት ሆነ። ከላይ አንድ የዘይት ጠብታ መጥቶ የአጎት በዩሚ ነጭ ጀለቢያ ትከሻ ላይ አረፈ። እሳቸው አላበሱትም።

«ተነሥ በዩሚ» አሉ ሐጅ ሜትወሊ።

«ለምን?»

«ተነሥ ስልህ!»

«ይቆማል አላልክም እንዴ? ታዲያ ምን ያስነሳኛል?»

የሐጁ ፊት አመድ መሰለ። ሻያቸው መሬት ላይ ፈሰሰ። «አይቆምም! የፒስተኑ ጎሚኒ አልቋል፤ ዘይት አይይዝም፤ ከመጣ ጀምሮ አልቋል። ውጣልኝ ወንድሜ፤ ፋቲሃውን መልሼልሃለሁ!»

አጎት በዩሚ ያኔ ተነሱ። ወንበራቸውን እንኳ አልተዉም፤ ይዘውት ወጡ።

ከዚያ በኋላ ሐጁ ከኢንሺራሕ ጋር ዓይን ለዓይን መተያየት አቃታቸው። ግቢው ራሱ ዕቃ የሚያነሳበትን፣ ቀለም ያልነካውን የተቧጠጠ ቀይ ፎርክሊፍት ለቢጫው በተስማሙበት ዋጋ እንዲሰጣቸው ሹፌሩን አዘዙ። ኢንሺራሕ ሞተሩ እስኪበርድ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ጠበቀች። ከቀዝቃዛው በአንድ ቁልፍ ተነሳ። ያንኑ ድፍን ሰቅላ ግማሽ ሰዓት ቆማ አየችው፤ የጠመኔው መስመር ንቅንቅ አላለም። ማሽኑ ከባድ መኪና ላይ ተጭኖ ታስሮ ከፊታቸው ወጣ። ለእሑድ ይደርሳል።

መኪናዋ ውስጥ ገብታ በሯን እንደዘጋች የታመቀው ሁሉ ፈነዳ። አእምሮዎን ምን ነካው አለቻቸው፤ ወሬዎ ሊፈጀኝ ነው አለች፤ አንድ ቀን ዝም ማለት አይችሉም ወይ አለች፤ ሌላም ብዙ አለች።

«ሁለት ጣት ሲወርድ እያየሁ! እርስዎ ግን ቁጭ ብለው ሻይ!»

«ሦስት ነው» አሉ አጎት በዩሚ።

ዞር ብላ አየቻቸው።

«ስነሳ ሦስት ጣት ሆኖ ነበር። እኔ ዓይን የለኝም መሰለሽ? ሳትፈትሺው ፋቲሃ መቅራቴ ጥፋቴ ነው። ግን ቃሌ ከአፌ ወጥቷል፤ እኔ ልመልሰው አልችልም። መመለስ የሚችለው ሐጁ ራሱ ብቻ ነበር።»

ይህን ብለው የወንበሩን ቀበቶ ስበው ሊያስሩ ሞከሩ። ብረቱ ማስገቢያውን ሳተ፤ ደግመው ሞከሩ፣ አሁንም ሳተ።  ኢንሺራሕ ቀበቶውን ከእጃቸው ወስዳ አሰረችላቸው። የቀረውን ቁጣዋን ትታ ሞተሩን አስነሳችና ፎርክሊፍቱን የጫነውን መኪና ተከተለች።