አንድ ሽማግሌ ነበሩ አሉ

"እባክሽ ጠይቂልኝ፤ አምቡላንሱ መንገድ ላይ ነው" አለች ነርሷ፣ በፕላስቲክ ጋውኗ ውስጥ እያላባት። "መተንፈስ ቢያቅታቸው ማሽን ይፈልጋሉ ወይስ አይፈልጉም? ምልክት ካላደረግኩበት ፎርሙን አይቀበሉኝም።"

ሻንዲን አልተንቀሳቀሰችም። ገና አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። አያቷ ሆስኪ ከደጅ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ትከሻቸው ከፍ ዝቅ እያለ በግድ ይተነፍሳሉ። እሳቸው እንግሊዝኛ አያውቁም፤ ነርሷ የነባሮቹን አሜሪካውያን ቋንቋ፣ ናቫሆኛን፣ አታውቅም። የሻንዲን እናት በዚሁ በኮሮና ተይዛ ከተማ ተገልላ ተቀምጣለች። ወንድሟ ዴልበርት የአያቱን ቋንቋ ይሰማል እንጂ አይናገረውም። የቀረው የሻንዲን አፍ ብቻ ነው።

እሷ ደግሞ የምትፈራው ይህንኑ አፏን ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ሴት አያቷ፣ የሆስኪ ሚስት፣ ሲታመሙ፣ ሌላ ነርስ ይህንኑ ጥያቄ ጠይቃ ነበር። ሻንዲን በትክክል መተርጎም ታማኝነት መስሏት ቃል በቃል ነገረቻቸው፦ "ሊሞቱ ይችላሉ፤ ማሽን ይፈልጋሉ?" አሮጊቷ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ከዚያ በኋላ ማንንም አላናገሩም፤ በሦስተኛው ቀን ሆስፒታል ሞቱ። በናቫሆዎች ዘንድ ክፉ ነገር በሰው ላይ አይጠራም፤ ከተጠራ ይመጣል። ሻንዲን ይህን ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃለች። ዴልበርት ከቀብር ሲመለሱ "አንቺ ነሽ የጠራሽባቸው" ብሏት ነበር። የተናገረው አንዴ ብቻ ነው፤ መድገምም አላስፈለገውም። የሟቿ ስም ከዚያ ወዲህ በቤቱ አይነሳም። ግን ሻንዲን ድስት ስታጥብ፣ ከበርሜሉ ውሃ ስትቀዳ፣ የገዛ ድምፅዋ ከኋላዋ ይሰማታል፦ ሊሞቱ ይችላሉ።

"ምን ትላለች ይቺ ነጭ?" አሉ ሆስኪ። "ፊቷን ተሸፋፍና በግ ልትሰርቅ የመጣች ትመስላለች።"

"ወረቀት እየሞላች ነው አባባ።"

"መቼም ወረቀት ሳይሞሉ አይሰርቁም።"

ሳቃቸው ወደ ሳል ተለወጠ። ጣታቸው ላይ ያለችው የኦክስጅን መለኪያ ወደ ሰባ ዘጠኝ ወርዳለች። ነርሷ መንገዱን አየች። ዴልበርት ፒካፑን ተደግፎ እህቱ ላይ አፍጥጧል።

ሻንዲን "አይፈልጉም" ብላ ልትገላገል ትችላለች፤ "ይፈልጋሉ" ብትልም የሚያውቅባት የለም። ግን የአያቷን እጅ አየች። ጉልበታቸውን አንቆ ይዟል። ፈርተዋል። ሴት አያቷም ያኔ ፈርተው ነበር፤ እሷ ግን ቃሉን ስትፈልግ ፊታቸውን አላየችም።

ራቅ ብላ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

"አባባ፣ አንድ ሽማግሌ ነበሩ አሉ።"

"የት?"

"ከተራራው ወዲያ ማዶ።"

"ጎሳቸውስ?"

"የእኛው ነው።"

"እንግዲያው ግትር ናቸው" አሉ ሆስኪ። ዓይናቸው ግን እሷ ላይ ቀረ። ገብቷቸዋል።

"ሳንባቸው ደከመ። ሐኪሞቹ ጋ ደግሞ ለሰው የሚተነፍስ ማሽን አለ፤ በጉሮሮ ቱቦ ያስገባሉ፣ ሰውየው ይተኛል። የሚነቃ አለ። ሳይነቃ የሚቆይም አለ። የሽማግሌው ቤተሰቦች የእሳቸውን ፈቃድ አላወቁም።"

ሆስኪ ወደ በረቱ አዩ። ከበረቱ ግልገሎች ይጮኻሉ።

"እኚያ ሽማግሌ" አሉ በመጨረሻ፣ ቃላቸው እየተቆራረጠ፣ "አራት ቀን ይሞክሩት ይላሉ። በአራት ቀን ካልነቁ ይተዉአቸው። ተኝቶ በግ የጠበቀ የለም።"

ሻንዲን ልትነሳ ስትል ድምፃቸው መለሳት።

"ሚስት ነበረቻቸው። እሷም ታማ ነበር።"

"አዎ" አለች። "የልጅ ልጇ ናት የጠራችባት ይላሉ።"

"እኚያ ሽማግሌ ይህን አያውቁም።" ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። "ግን ልጅቷ ብቻዋን እንድትሸከመው አይፈልጉም።"

ሻንዲን አለቀሰች። ሴት አያቷ ከሞቱ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። ነርሷ ግራ ገብቷት "ምን አሉ?" አለች።

"አራት ቀን ማሽኑን ይሞክሩ። ከዚያ በኋላ አይሆንም።"

"ፎርሙ ላይ አራት ቀን የሚል የለም።"

"አንቺ ጻፊበታ።"

ነርሷ አመነታችና ጠርዙ ላይ ጻፈችው። የአምቡላንሱ አቧራ ከሩቅ ታየ። ሻንዲን እስክሪብቶውን ተቀብላ በካርቶን ቁራጭ ላይ፣ "እባካችሁ 'እርስዎ ቢሞቱ' አትበሏቸው። ስለ አንድ ሽማግሌ ጠይቋቸው። እንዲህ የሚጠይቅላችሁ ካጣችሁ እኔ እጠይቃቸዋለሁ" ብላ ጻፈች፤ ስልክ ቁጥሯንም ጨመረች። ጭምብሏን ጠበቅ አድርጋ ካርቶኑን በመርፌ ቁልፍ ደረታቸው ላይ አያያዘችው።

አምቡላንሱ አያቷን ይዞ ከሄደ በኋላ ብርድ ልብስና ውሃ ይዛ ወጣች።

"ወዴት ነው?" አለ ዴልበርት።

"ጉብታው ላይ። ስልክ የሚይዘው እዚያ ብቻ ነው፤ ከሆስፒታል ቢደውሉ ልሰማ። አራቱን ቀን በጎቹን አንተ ጠብቅ።"