የአባቷ እጅ ዋጋ

የኮምፒውተር ፊደል ነዳፊዋ ከነጋ ጀምሮ አንድ ቦታ አልረጋችም። ወንበር ስባ ሳትቀመጥ ትነሣለች፤ በመስኮት ታያለች፤ ኮምፒውተሩን ከፍታ መልሳ ትዘጋለች። አባቷ የሥራ ክፍሏ ጥግ ተቀምጠው የመቃ ብዕር ይቀርጻሉ።

«አንቺ ቅብጥብጥ፣ ወለሉን ጨረስሽው እኮ!»

«ሰውየው ቢቀርስ አባባ?»

ሰውየው የቦርሳና የሸሚዝ ፋብሪካ ባለቤት ነው። ምን አለፋችሁ፣ ልጅቷ ይህን ሁሉ ዓመት ፊደል ነድፋ ጠብ ያለላት ነገር የለም። አንዱን ፊደሏን ዳቦ ቤቱ በሩ ላይ ለጠፈው፤ ሌላውን ዘፋኙ አልበሙ ላይ ጻፈበት። ክፈሉኝ ስትል «ፊደል እኮ የሁላችን ነው!» ይሏታል። አይ የሰው ነገር! ዳቦውና ዘፈኑ ላይ ሲደርስ ግን የሁላችን የሚባል ነገር የለም። በመጨረሻ የአባቷን እጅ፣ ያንን በብራና ላይ ሲጽፉበት የኖሩትን ወገበ ሰፊ፣ እግረ ቀጭን ፊደል፣ አንድ በአንድ ለኮምፒውተር አዘጋጀችው። ፋብሪካው አይቶ፣ ሸሚዜና ቦርሳዬ ላይ ካላተምኩት ብሎ አበደ። አከራይዋ «ኪራዩን ክፈዪ ወይ ክፍሉን ልቀቂ» ካለቻት ሰነባብታለች፤ ዛሬ ካልተፈረመ ነገ ዕቃዋ ደጅ ላይ ነው።

ውሉ ግን አንድ የሚያንቅ ነገር ነበረበት። ፋብሪካው ዳጎስ ያለ ገንዘብ የሚከፍለው ፊደሉ ሌላ ሰው ዘንድ እንዳይገኝ ነው። አባቷ ራሳቸው እንኳ ከዛሬ ወዲያ በዚያ እጅ ምንም መጻፍ አይችሉም፤ የጎረቤት የሠርግ ጥሪ የለም፣ የሱቅ ስም የለም፣ የመቃብር ድንጋይ የለም። ትናንት ቁጭ አድርጋ አንብባላቸዋለች። «እሺ» ብቻ ነው ያሏት። ያ «እሺ» ነው እንቅልፍ የነሳት።

ሰውየው መጣ። ሸሚዙም ፈገግታውም የተተኮሰ ነበር። ውሉን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ።

«አባቴ፣ እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ።»

ብዕራቸውን ቀለም ውስጥ ነከሩና ወረቀቱ ላይ ሳያሳርፉ ቆዩ።

«ፊርማዬም እኮ በዚያው እጅ ነው ልጄ። ሌላ እጅ የለኝም።»

«ኧረ አባቴ! ለአንድ ፊርማ ማን ይጠይቅዎታል?» ሰውየው ሳቀ።

«አይ፣ የሸጥኩትንማ መልሼ አልነካም።» ብዕሩን በጨርቅ ጠረጉና ወደ ልጃቸው ዞሩ። «እስቲ ያን የማኅተም ቀለም አቀብዪኝ።»

«ምን ሊያደርግልዎ?»

«መጻፍ የማይችል ሰው በምን ይፈርማል? በጣቱ ነዋ!»

ተቆጥተው አይደለም፣ ማሾፋቸውም አይደለም። ክፍሏ እንዳይዘጋባት ብለው ነው። ዕድሜ ልክ ብዕር የያዘውን አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ላይ ተጫኑት። ጣቱ ወረቀቱን ሊነካ ሲል ልጅቷ እጃቸውን ለቀም አደረገችው።

«ፊደሉን እንደማንም ከፍለህ ተጠቀምበት» አለችው ሰውየውን። «እሳቸው ግን ይጽፋሉ!»

«ማንም የሚያገኘውን ምን ብዬ እገዛለሁ?»

«እንግዲያው ይቅር!»

ሰውየው ውሉን አጣጥፎ ወጣ። ፈገግታው ተጨማድዶ ነበር።

«አበድሽ እንዴ?» አሉ አባቷ። «ክፍሉስ?»

«እኔ እንጃ አባባ!» ወዲያ ሄደች፣ ወዲህ ተመለሰች፤ ከዚያ ነጭ ወረቀት አምጥታ ፊታቸው አኖረች። «ይጻፉልኝ።»

«ምን ብዬ?»

«"ርካሽ የሚከራይ ክፍል እንፈልጋለን" ብለው።»

ልጃቸውን ትክ ብለው አዩዋት። ከዚያ ብዕሩን አነሡና ፋብሪካው ባበደለት በዚያ እጅ ቀስ እያሉ ጻፉ። ሲጨርሱ ወረቀቱ ጥግ ላይ የአውራ ጣታቸው አሻራ ሳያስቡት ታትሞ ቀርቷል። ልጅቷ ወረቀቱን መንጭቃ ልትለጥፍ ወጣች።

«ቀለሙ ይድረቅ እንጂ፣ አንቺ ቅብጥብጥ!» ብለው ተጣሩ። እሷ ደረጃውን ወርዳ ጨርሳለች።