በዐለት መሃል የተገኘው ቀይ እንቁላል

ባልና ሚስት አንድ ቢሮ ውስጥ እንዳይሠሩ የሚከለክል ደንብ ቢኖር ኖሮ ይህ ሁሉ ጣጣ ባልመጣ ነበር። ግን የለም፤ ስለዚህ እሱ በመስኮቱ በኩል፣ እሷ በበሩ በኩል፣ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠው ለተፈጥሮ ጋዝ ፍለጋ አንድ መሬት ይመረምራሉ።

መሬቱ በከባድ መኪና ይደለቃል። ድምፁ ወደ ታች ወርዶ ከዐለት ዐለት እየነጠረ ይመለሳል። የባል ሥራ ድምፁ በየቦታው በምን ፍጥነት እንደተጓዘ ስክሪን ላይ ነጥብ እየጠቀሰ መፍረድ ነው። ያን ሁሉ ነጥብ ለሚስቱ ይልክላታል፤ ቦታ፣ ጊዜ፣ ፍጥነት፣ ሁሉም ቁጥር በቁጥር ነው። እሷ ቁጥሩን ወደ ቀለም ትቀይርና የመሬቱን ምስል ታለብሰዋለች፤ ድምፅ የሚንቀራፈፍበት ቀይ፣ የሚፈጥንበት ሰማያዊ። በዚህ ቅየራ የምትኮራውን ያህል በሌላ በምንም አትኮራም። በባሏም ቢሆን። ይህንን ደግሞ አልደበቀችውም።

አንድ ቀን ጠዋት ቀለሙን አልብሳ ስትጨርስ፣ ሰማያዊ በሰማያዊ በሆነው ጥልቅ ዐለት መሃል ቀይ እንቁላል ተጋድሞ አገኘች። ምን እንደሆነ ገና ሳታጣራ አለቃው ከኋላዋ መጥተው አንገታቸውን አሰገጉ።

"ጋዝ ነው" አሉ።

"ጋሼ፣ ቆይ መጀመሪያ ላጣራው።"

"ድምፅ ጋዝ ውስጥ ሲገባ ይንቀራፈፋል። ይኼው ተንቀራፏል። ምኑ ነው የሚጣራው?"

ጆሮ ዳባ ልበስ ብለው ሄዱ። ሻይዋ ሳይቀዘቅዝ ለድርጅቱ ዳይሬክተር ደውለዋል፣ ከምሳ በኋላ የጉድጓድ ቦታ የሚወሰንበት ስብሰባ ጠርተዋል፣ እንቁላሉንም በልጅ ልጃቸው ስም ሰይመውታል።

እሷ መጀመሪያ የጠረጠረችው ራሷን ነው። ሜትሩን ከጫማ አቀላቅላ እንደሆነ፣ የነጥቦቹን መስመር ከጅራቱ ጀምራ እንደሆነ አንድ በአንድ አየች። ቅየራው እንከን አልነበረውም። ስለዚህ ወንበሯን አዞረች።

"አንተ ሰውዬ፣ እስቲ ይህን ቦታ ክፈትልኝ።"

ከፈተላት። ስክሪኑ ላይ ጎን ለጎን ሁለት ደማቅ ምልክቶች ነበሩ፤ አንዱ ከጥልቁ ዐለት የመጣው እውነተኛ ድምፅ፣ ሌላው ላይ ላዩን በዝግታ ሲመላለስ ቆይቶ የደረሰ የማሚቶ ማሚቶ። ይህን እንዳትነኩ ተብሎ ለጀማሪ ሁሉ ይነገራል። ባሏ የነካው ይህኑ ነው።

"ይኼን ስትጠቅስ ምን ላይ ነበርክ?"

"ስልክ ላይ። ከእናትሽ ጋር።"

"የውሃ ማሞቂያው የተበላሸ ዕለት?"

"አዎ። መጀመሪያ ሁሉንም አስረዱኝ። ከዚያ እንዳልረሳው ብለው እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ።"

ሳቋ መጣ፣ ግን አልሳቀችም። በዚያ ሳምንት የክፍሉ ኃላፊ ሆኖ ሊሾም ነው፤ አለቃው በግልጽ ነግረውታል። ለዚያ ወንበር እንዴት ሲቋምጥ እንደኖረ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። አሁን ደግሞ በእናቷ የውሃ ማሞቂያ ሰበብ ባዶ መሬት ሊቆፈር ነው።

"የኔ ቆንጆ" አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ቢሮ ውስጥ እንዲህ ብሏት አያውቅም። "ቅየራው ላይ ነው የተሳሳተው ብትዪስ? አንቺን እኮ ማንም አይቆጣሽም።"

ዓይኑን በጨው አጥቦ እንዲህ አላት። ደሟ ፈላ። ወንበሯን መልሳ አዞረችና ስብሰባው ላይ የምትሰጠውን መልስ ታዘጋጅ ጀመር። በንዴቷ መሃል ግን ያ የለመነበት ድምፁ ያሳዝናት ጀመር፤ ይህ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት።

ስብሰባው ላይ አለቃው እንቁላሉን በልጅ ልጃቸው ስም እየጠሩ ሲያወድሱት ቆዩ። ዳይሬክተሯ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ወደ ምስሉ ተጠጉ። ያኔ ሚስት ተነሳች።

"ይቅርታ ጋሼ። ይኼ ጋዝ አይደለም። ስህተት ነው።"

አለቃው ኩም አሉ። "የማን ስህተት?"

ባሏን አየችው። አንገቱን ደፍቶ እስክሪብቶ ያሽከረክራል። ጠዋቱን ሙሉ ያዘጋጀችው መልስ ከአፏ ጠፋ።

"የኔ" አለች።

"የኔ" አለ እሱም እኩል፣ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ እየተነሳ።

ዳይሬክተሯ አንዴ እሷን፣ አንዴ እሱን አዩ። "ሁለታችሁም?"

"ቅየራው ላይ ነው" አለች ሚስት።

"ቅየራዋ ምንም አልሆነም" አለ ባል። "ነጥቡን የጠቀስኩት እኔ ነኝ። የማሚቶ ማሚቶ ነው የነካሁት። ስልክ እያወራሁ ነበር።"

"ከማን ጋር?"

"ከአማቴ።"

ሰው ሁሉ ሳቀ። ዳይሬክተሯ ግን ራሳቸው አማት ስለሆኑ አልሳቁም።

"እንግዲህ ቃለ ጉባኤው ላይ ምን ተብሎ ይያዝ?" አሉ አለቃው ግራ ገብቷቸው። "ቅየራው ተሳስቷል ልበል?"

ይህን በጆሮዋ ስትሰማ ሚስት አልቻለችም። "ቅየራውማ እንከን የለውም" አለች። "ጥፋቱ የእሱ ነው። ላሳያችሁ።"

አሳየቻቸው። ያን አንድ ነጥብ ስታነሳው እንቁላሉ ጠፋ፣ ሰማያዊው ገጠመ። አለቃው የልጅ ልጃቸውን የቀሟቸው ያህል አዘኑ። የክፍሉ ኃላፊነትም ለሌላ ሰው እንደሚሰጥ ለባል እዚያው ተነገረው።

ኮሪደሩ ላይ ጎን ለጎን ሄዱ። ልታጽናናው አፏን ስትከፍት ቀደማት።

"ለእኔ ብለሽ በቅየራሽ ላይ ዋሸሽ።"

"ለትንሽ ጊዜ ነው።"

"ቢሆንም ዋሸሽ።"

"አትድገመው።"

በዚያ ቅየራ ላይ ለማንም ዋሽታ እንደማታውቅ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ሹመቱን ያጣው ሰው ኮሪደሩን እንደ ተሾመ ሰው ደረቱን ነፍቶ ጨረሰው።