ኖራው ለድንጋይ ነው

የጤና ጣቢያችን አሮጌ የሶላር ባትሪዎች መጋዘን ውስጥ ተደራርበው አራት ዓመት ኖሩ። «እስኪወገዱ» ተብለው ነው የገቡት። በእኛ መሥሪያ ቤት እስኪወገድ የተባለ ዕቃ ከሠራተኛው በላይ ዕድሜ አለው። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ስማቸው የድንኳን ቋሚ ሊያወጣ ገባ። ድንኳኑ የተፈለገው በማግስቱ ከዞን ለሚመጡ እንግዶች ነው። ቋሚው ከባትሪዎቹ ሥር ነበር። ስማቸው ባትሪዎቹን ለማንሣት ሰነፈና ብረቱን በጉልበት መዘዘው፤ ቁልሉ ተናደ። ቋሚውን ይዞ ወጣ፣ በሩን ገርበብ አደረገ፣ ለማንም ትንፍሽ አላለም።

እኔ ነገሩን ያወቅኩት በዚያ ሳልፍ ጉሮሮዬን ሲከረክረኝ ነው። በበሩ ሥር ውኃ የመሰለ ነገር ይወጣል፤ ሲሚንቶው ላይ አረፋ እየሠራ ወደ ቦዩ ይወርዳል። ገርበብ ያለውን በር ገፋ አድርጌ አየሁ። ከአሥራ ሁለቱ ባትሪዎች ሁለቱ ተሰንጥቀው በጎናቸው ተኝተዋል።

ቦዩ በአጥሩ ሥር ያልፍና ባሕር ዛፉን አቋርጦ የታችኛው ሰፈር ሰው የሚቀዳው ምንጭ ራስጌ ላይ ይደርሳል። በእግር አምስት ደቂቃ አይሞላም። ወሩ ሐምሌ ነው፤ ሰማዩ በዓባይ በኩል ጠቁሯል። አሲዱ ብቻውን ቀስ እያለ ነው የሚሄደው። ዝናብ ከመጣ ግን እሱንም፣ በውስጡ ያለውንም የእርሳስ መርዝ ጠርጎ ምንጩ ውስጥ ይከተዋል። እርሳስ እንደ ኮሌራ በአንድ ቀን አያጣድፍም። ልጅን በዓመታት ቀስ አድርጎ ያደነዝዛል፤ ስለዚህ ማንም አይደነግጥለትም።

እኔ የአካባቢ ጤና ባለሙያ ነኝ። አራት ዓመት የተማርኩት ለእንዲህ ዓይነት ቀን ነው፤ ሁለት ዓመት የሠራሁት ግን ሽንት ቤት መቁጠር ነው።

ኃላፊያችን አቶ ይሄነው በሩ ላይ ቆመው ድንጋይ ያስቀባሉ። እንግዳ በመጣ ቁጥር ከበሩ እስከ ቢሯቸው ግራና ቀኝ የተደረደረው ድንጋይ ኖራ ይቀባል። ክትባት ሊያልቅ ይችላል፤ ድንጋዩ ግን ነጭ መሆን አለበት።

«አቶ ይሄነው፣ ባትሪዎቹ ተሰብረው አሲድ እየፈሰሰ ነው። ወደ ምንጩ እየሄደ ነው።»

«አብሽሪ» አሉኝ፣ ዓይናቸውን ከብሩሹ ሳያነሡ። «ውኃ ይደፋበትና ይወልወል። እንግዶቹም በዚያ በኩል ነው የሚያልፉት።»

«ውኃ ከደፋንበት ወደ ምንጩ የምንሸኘው እኛው ነን።»

«ታዲያ ምን ይሁን ነው የምትይው?»

«ቦዩን በአፈር እንዝጋና ኖራ እናፍስበት። ኖራ አሲዱን ያበርደዋል። ሁለት ጆንያ ይበቃኛል።»

ሁለት ጆንያ አጠገባቸው ቆሟል። አንደኛውን እንደ ልጅ ራስ ዳበስ አደረጉት።

«ይኸማ ለድንጋይ ነው።»

ዞር ስል የጽዳት ሠራተኛዋ እትዬ ብዙዬ በሸበጥ ጫማ፣ ባልዲና መወልወያ ይዘው ወደ መጋዘኑ ሲሄዱ አየሁ።

«እትዬ ብዙዬ፣ ይቁሙ! እንዳይነኩት!»

«ምነው ራሕማ? ስማቸው እኮ ነው ጥረጊው ያለኝ።»

ስማቸው ድንኳኑን እየወጠረ ሳቀ። «ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰው ሁሉ ነገር ያስፈራዋል። እኔ አይሱዙ ላይ ረዳት ሳለሁ አሲድ በአፌ እየሳብኩ ነበር የምሞላው።»

«ጥርስህ ለዚያ ነው ያለቀው?»

እትዬ ብዙዬ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ይዘው ሳቁ። ስማቸው የራሱን ገጠመ።

አቶ ይሄነው ነገሩ ካሳሰበኝ የአደጋ ጊዜ ምላሽ ኮሚቴው ይሰብሰብ አሉ። ኮሚቴው እሳቸው፣ ስማቸውና እኔ ነን፤ እኔ የገባሁት ሴት አልተካተተችም እንዳይባል ነው። ቢሮ ገብተን ተቀመጥን። አቶ ይሄነው ስብሰባውን ለመክፈት ብቻ ሩብ ሰዓት ፈጀባቸው። በመስኮቱ ቦዩን አየዋለሁ። ስማቸው፣ ያፈሰሰው ሰውዬ፣ «ችግሩ ከየት እንደመጣ በጥልቀት መጣራት አለበት» አለ። ከሩቅ ነጎድጓድ ተሰማ።

«ኖራው ይሰጠኝ» አልኩ።

«ድምፅ እንስጥበት» አሉ አቶ ይሄነው። ሁለት ለአንድ ተሸነፍኩ። ኖራ በገበያ ቀን ተገዝቶ እንዲመጣልኝ ተወሰነ። አሲዱ ድምፅ አልተጠየቀም።

ስወጣ እትዬ ብዙዬ ጆንያዎቹ አጠገብ ቆመዋል።

«ምን አሉ?»

«ለድንጋይ ነው አሉ።»

ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ጠበቅ አድርገው አሰሩ። «እኔ የምቀዳው ከዚያ ምንጭ ነው። ጎረቤቴ ዘይነባም የስምንት ወር እርጉዝ ናት፣ ከዚያው ነው የምትቀዳው። ያዢ በዚያ በኩል።»

«ከሥራ ያባርሩዎታል።»

«ቢያባርሩኝ ቆሎ እሸጣለሁ። ውኃ ግን ከየት አመጣለሁ? ያዢ አልኩሽ!»

ከማዋለጃ ክፍል ረጅም ጓንት አመጣሁ፤ እግራችን ላይ ፌስታል አሰርን። መጀመሪያ ቦዩን አጥሩ ጋ በአካፋ አፈር ደፈንኩት። ከዚያ ከዳር ወደ መሐል ኖራውን ቀስ እያደረግን ነሰነስን። ተንጫጫ፣ ጨሰ፣ አረፋ ደፈቀ። ሁለቱን ስንጥቅ ባትሪዎች አንሥተን የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ አቆምናቸው። ሁለተኛውን ጆንያ መጋዘኑ ወለል ላይ ስናራግፍ አቶ ይሄነው ደረሱ።

«የመንግሥት ንብረት ነው እኮ! ግራው ድንጋይ ሳይቀባ ቀረ!»

ዝናቡ መጣ። አፈሩ ለሩብ ሰዓት ያህል ቻለ። ከዚያ ጎርፉ ከላይ ከላይ እየዘለለ ማለፍ ጀመረ። ስብሰባ የተቀመጥንበትን ጊዜ አፈር ቆልለንበት ቢሆን ይይዘው ነበር። አሁን ምን ያህሉ እንዳለፈ ማንም አያውቅም። መለኪያ የለንም፤ ናሙና ተወስዶ ደሴ መላክ አለበት። ውጤቱ እስኪመጣ ምንጩ መዘጋት ነበረበት።

«እንግዶቹ ይሂዱና ቅዳሜ እንነጋገርበታለን» አሉ አቶ ይሄነው።

«እስከ ቅዳሜ ሰው ውኃ አይጠጣም?»

«እስከ ዛሬ ሲጠጡ ምን ሆኑ?»

ትቻቸው ሄድኩ። ዝናቡ አባራ ሲል ከእትዬ ብዙዬ ጋር ወደ ምንጩ ወረድን። ናሙናዬን በጠርሙስ ቀዳሁ፤ የምንጩን አፍ በእሾህ አጠርነው። ጀሪካን ይዘው የቆሙት ሴቶች አጉረመረሙ።

«አንቺ ደሞ ማነሽ ውኃችንን የምታጥሪው?»

«ጤና ጣቢያው ሁልጊዜ አትጠጡ ነው» አለች ሌላዋ። «አንድ ቀን ጠጡ ብላችሁ ታውቃላችሁ?»

ስለ እርሳስ ማስረዳት ጀመርኩ። ፊታቸው ሲፈዝ አየሁት። እትዬ ብዙዬ ግን ንግግር አላስፈለጋቸውም። ቀሚሳቸውን ዘረጉ፤ ጫፉ አይጥ የበላው መስሎ ተበሳስቷል።

«ይኸን ያደረገው ነገር ነው ወደዚህ የወረደው። ሆዳችሁ ከጨርቅ ይጠነክራል?»

ዘይነባ ትልቅ ሆዷን ደግፋ ጎንበስ አለችና የሞላችውን ጀሪካን ደፋችው። «ታዲያ ከየት እንቅዳ?»

«ከነገ ጀምሮ ከጤና ጣቢያው ሮቶ» አልኩ።

«ማን ፈቀደ?»

«የአደጋ ጊዜ ምላሽ ኮሚቴው» ብዬ ዋሸሁ። ለአንድ ነገር እንኳ ይጥቀም።

ዓርብ ረፋድ ላይ ሁለት መኪና እንግዳ ሲገባ ከበሩ እስከ ሮቶው ስልሳ ያህል ሴት ቢጫ ጀሪካን ይዞ ተሰልፏል። አቶ ይሄነው ፊታቸው አመድ መሰለ። የእንግዶቹ መሪ፣ መነጽር ያደረጉ ሴት፣ ከመኪናው ወርደው ሰልፉን አዩ።

«ይኸ ሁሉ ሰው ምንድን ነው?»

አቶ ይሄነው እኔን አዩኝ፣ ሴቶቹን አዩ፣ ክራቫታቸውን አስተካከሉ።

«የአደጋ ጊዜ ምላሻችን ነው» አሉ። «ኮሚቴው ትናንት በደረሰ ክስተት ላይ ወዲያው ተሰብስቦ፣ አሲዱን በኖራ አምክኖ፣ ለኅብረተሰቡ አማራጭ ውኃ አቅርቧል።»

ተጨበጨበ። ስማቸውም አጨበጨበ። ሴትዮዋ ቃለ ጉባኤውን ከምሳ በፊት ማየት እንደሚፈልጉ ተናገሩ፤ ቃለ ጉባኤ የሚባል ነገር አልነበረም። ስማቸው ቢሮ ውስጥ በአሥር ደቂቃ ጻፈው፤ ኖራውን የሰጠው እሱ ሆኖ ተገኘ። አቶ ይሄነው እስክሪብቶ ዘረጉልኝ።

«ፈርሚ እንጂ፣ የኔ እመቤት። ስምሽም አለበት።»

«አንድ መስመር ይጨመር። ውጤቱ ከደሴ እስኪመጣ ሮቶው በየቀኑ ይሞላል፤ ኃላፊው አቶ ይሄነው።»

«ይኸ ምን ያስፈልጋል? በቃል ተግባብተን የለ?»

«እንግዲያስ ኖራውን ማን እንደከለከለኝ ለሴትዮዋ በቃል እነግራቸዋለሁ።»

መስመሩ ተጨመረ። የእንግዶቹ ጥብስ ጠረጴዛ ላይ ደርሶ ነበርና አቶ ይሄነው ሳያነቡ ፈረሙ። እኔም ፈረምኩ። ምስጋናውን ሁሉ ይውሰዱት።

ቅዳሜ ጠዋት ሮቶው ባዶ ነበር። ለሴቶቹ ኃላፊው ማን እንደሆነ ነገርኳቸው፤ የኃላፊውን ቤት እትዬ ብዙዬ አሳዩአቸው። ብዙም ሳይቆይ ስልኬ ጮኸ።

«ራሕማ! ሴቶቹ ደጄ ላይ ቆመዋል። ገበያ ልሄድ ነበር፤ ምን ልበላቸው?»

«ምንም አይበሏቸው። ውኃ ያምጡላቸው።»

«ዛሬ እኮ ቅዳሜ ነው!»

«ቅዳሜም ይጠጣሉ።»

ስድስት ሰዓት ላይ የውኃ ቦቴ በበሩ ገባ። አቶ ይሄነው ጋቢና ውስጥ፣ ከሾፌሩ ጎን፣ የገበያ ዘንቢላቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ሴቶቹ ለዘይነባ መንገድ ለቀቁላትና ጀሪካኗን ከቧንቧው ሥር አስቀመጠች።