የፎርቶ ኩርባ

ሻምበል ደርበው በተሰለፉት ብስክሌተኞች ፊት እየተመላለሰ ቃሉን አንድ በአንድ ሲያስደግማቸው፣ ረዳኢ አጎንብሶ የጫማውን ማሰሪያ ያጠብቅ ነበር። ተራው ሲደርስ ቀና ብሎ "እችላለሁ" አለ። ሻምበሉ ትከሻውን መታ አድርጎት አለፈ።

ሻምበል ደርበው ጎጃሜ ነው። ከጦሩ ተመርጦ ውጭ አገር የስፖርት ትምህርት ተከታትሎ ከመጣ ወዲህ፣ ሰው የሚሸነፈው በእግሩ ብቻ ሳይሆን በሐሳቡም ነው እያለ ለሰሚ ሁሉ ያስረዳል። አስመራ ተመድቦ የብስክሌት ቡድኑን ሲረከብ ጎረምሶቹን ወንበር ላይ አስቀምጦ፣ ዐይናቸውን አስጨፍኖ፣ የውድድሩን መንገድ በሐሳባቸው ያስነዳቸው ጀመር። በፍርሃት ሰዓት "አልወድቅም" ማለትንም ከለከለ፤ ጭንቅላት የሚሰማው መውደቁን ብቻ ነው ይላል። በምትኩ አንድ ቃል ሰጣቸው። ሰውየው ደግ ነው፤ ግን ወታደር አይደል፣ ሁሉንም በአንድ ልክ መስፋት ይወዳል።

ረዳኢ ጋራዥ ውስጥ የሚሠራ መካኒክ ነው። ዳገት ላይ የሚስተካከለው የለም። ችግሩ ከፎርቶ ኮረብታ ቁልቁል ሲወርዱ ያለው ኩርባ ነው። አምና እዚያ ወድቆ ትከሻው ከተሰበረ ጀምሮ፣ ኩርባው ጋ ሲደርስ እጁ ሳያዘው ፍሬን ይይዛል። ሚስቱ ትበርህ "አልጋ ላይም ፍሬን መያዝ ጀምረሃል" እያለች ትቀልድበታለች። የዛሬው ውድድር ደግሞ አዲስ አበባ የሚሄደው ቡድን የሚመረጥበት ነው፤ መራጩም ሻምበሉ ነው። ትምህርቴን ያልተቀበለ አብሮኝ አይሄድም ሲል ሁሉም ሰምተዋል።

ውድድሩ ተጀመረ። ረዳኢ መጀመሪያ ኩርባው ጋ ሲደርስ በሆዱ "እችላለሁ" አለ። ምን ዋጋ አለው፤ ድቅን ያለበት ማስመሪያ የያዘው የአማርኛ መምህሩ ነው። አማርኛን የተማረው ትምህርት ቤት ነውና፣ ዛሬም በአማርኛ ሲናገር ተነስቶ መልስ የሚሰጥ ይመስለዋል። ዐይኑ አምና የወደቀበት የድንጋይ ጠርዝ ላይ ተተከለ፣ እጁ ፍሬኑን ጨመደደ፣ የቡድን ጓደኛው ተኽለም በጎኑ ሽው ብሎ አለፈው። በሚቀጥለው ዙርም ያው ሆነ።

ዳገቱን ሲወጣ በራሱ ተናደደ። ንዴቱ በረድ ሲልለት ታላቅ ወንድሙ መንግስትኣብ ትዝ አለው። በዓዲ ጓዕዳድ መንገድ ኮርቻውን ይዞ እየሮጠ ብስክሌት ያስተማረው እሱ ነው። ረዳኢ ወደ ጎማው ባጎነበሰ ቁጥር "ንቕድሚት!" ይለው ነበር፤ ወደ ፊት ማለቱ ነው። ረዳኢ ቃሉን በአፉ አመላለሰው። መምህርም ማስመሪያም አልመጣበትም።

ኩርባው ጋ ሲደርስ "ንቕድሚት" አለ። ዐይኑ ከጠርዙ ተነስቶ መንገዱ ወደሚከፈትበት ሄደ፣ ብስክሌቱም ዐይኑን ተከትሎ ሄደ። እጁን ረሳው። ደስ አለው፤ ብቻውን እየነዳ ጮክ ብሎ ሳቀ። በመጨረሻው ዙር ተኽለን ደርሶበት አለፈውና ሁለተኛ ሆኖ ገባ።

ሻምበሉ ሮጦ መጥቶ አቀፈው፤ ሌሎቹንም ጠርቶ ሰበሰባቸው።

"ያን ኩርባ እንዴት እንዳለፈው አይታችኋል። ረዳኢ፣ እዚያ ስትደርስ ምን እንዳልክ ንገራቸው።"

መልሱ ቀላል ነበር። አንዲቱን ቃል ቢላት ሻምበሉም ይኮራል፣ አዲስ አበባ መሄዱም አይቀርም። ረዳኢ ግን ተኽለን አየው፤ በመጨረሻው ዙር እሱም እዚያ ቦታ ፍሬን ሲይዝ አይቶታል። ነገም ኩርባው ጋ የሚደርሱት እነሱ እንጂ ሻምበሉ አይደለም።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሻምበል። እችላለሁ ስል መምህር ፊት የቆምኩ ነው የሚመስለኝ። ዛሬ ያልኩት ንቕድሚት ነው። ወንድሜ ብሽክለታ ሲያስተምረኝ የሚለኝ ነው።"

የሻምበሉ ፊት ጠቆረ።

"ዐይንህ የት ነበር?" አለው።

"መውጫው ላይ።"

"እጅህስ?"

"እጄን ረስቼው ነበር።"

ሻምበሉ ቆቡን አውልቆ ራሱን አከክ አከክ አደረገ። "እኔም ሯጭ ሳለሁ በሆዴ የምለው ነገር ነበረኝ" አለ። "የውጭ አገር አስተማሪዎቼ አይደሉም የሰጡኝ፤ እናቴ ነች።" ከዚያ ወደ ሌሎቹ ዞረ። "ሁላችሁም የየራሳችሁን ቃል ያዙ። ለእኔ መንገር የለባችሁም። አንተ ደግሞ ጓዝህን አዘጋጅ፣ አዲስ አበባ ብርድ ነው።"

"እሺ፣ ሻምበል። የቐንየለይ" አለ ረዳኢ፣ በቋንቋው አመስግኖ።

ሰዉ ሲበተን ትበርህ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ እሱ መጣች። ቤታቸው ቪላጆ ጀኒዮ ሰፈር ነው፤ ዛሬ ምሳ ላይ ወንድሙም ይመጣል። ብስክሌቱን እየገፋ ከእሷ ጋር ሜዳ ሜዳውን ሊሄድ ጥቂት ተራመደና ቆመ።

"አንቺ ቅደሚ" አላት። "እኔ በፎርቶ በኩል ዞሬ እመጣለሁ።"

"ዛሬ ስትዞረው ያረፈድከው አነሰህ? አልደከመህም?"

"ኣይፋል፣ አልደከመኝም" አለና ኮርቻው ላይ ወጣ።